ማሽንን ማን ይወልደዋል? በልቦለድ ስላሉ የማሽን ዘሮች ዓይነትና ሥነ ሕይወት



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው በሳይንስ ልቦለድና በፊልም ውስጥ ስለሚኖሩ የማሽን ዘሮች ነው፤ የራሳቸው ዓይነት፣ ምግብ፣ ሕመም፣ ትውልድና ሞት ስላላቸው፣ በዓለም ላይ ግን ስለሌሉ ፍጡራን። ልጆች በቴሌቪዥን ሲያዩአቸው ወላጅ "ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማል?" ይላል። እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ። የማሽን ዘር የፈጠረ ደራሲ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ማሽንን ማን ይወልደዋል፣ ማንስ ይጠግነዋል? ያው ጥያቄ ዛሬ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለ ፋብሪካና ጋራዥ ሁሉ በየቀኑ ይገጥመዋል።

አመራመራችንን ከቅርብ እንዋስ። ሰበታ ውስጥ ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። አንድ ባለሙያ የማያውቀው ዓሣ ሲቀርብለት "ብልህ ነው ወይ?" ብሎ አይጀምርም። ምን ይበላል? እንዴት ይተነፍሳል? በምን ይታመማል? እንዴት ይዋለዳል? ብሎ ይጠይቃል። የማሽን ዘሮችንም በእነዚሁ ጥያቄዎች እንይዛቸዋለን። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሮቦቶች ብረት አልነበሩም

ቼካዊው ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 "አር.ዩ.አር." የተባለ ተውኔት አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ታየ። ሮቦት የሚባለውን ስም ዓለም ያገኘው ከዚህ ተውኔት ነው። የቻፔክ ሮቦቶች ግን ብሎንና ሽቦ የላቸውም። ሥጋ መሰል ነገር በገንዳ ይቦካል፤ ጉበትና አንጎል ለየብቻ ይሠራል፤ ጅማትና የደም ሥር በማሽን ይፈተላል፤ በመጨረሻ መገጣጠሚያ ክፍል ገብቶ ሠራተኛ ሆኖ ይወጣል።

ደራሲው ሥነ ሕይወታቸውን በጥንቃቄ አስቦበታል። ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ ነው። መጀመሪያ ሕመም አይሰማቸውም ነበር፤ በዚህም የተነሳ እጃቸውን ማሽን ውስጥ እየከተቱ፣ ጣታቸውን እየሰበሩ ባለቤቶቻቸውን አከሰሩ። ስለዚህ የፋብሪካው ሐኪም ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ ጨመረላቸው። የሕመም ጥቅሙ አካልን መጠበቅ እንደሆነ ዛሬ ማንኛውም ሐኪም ይነግራችኋል፤ ያለ ሕመም ስሜት የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች የሚኖሩት በብዙ አደጋ መሀል ነው።

ከዚያ ሮቦቶቹ አመፁ። የሰውን ዘር ፈጁ፤ በእጁ የሚሠራ አንድ ግንበኛ ብቻ አስቀሩ። ድል ካደረጉ በኋላ ግን የተሠሩበት ቀመር ተቃጥሎ አገኙት። መውለድ አይችሉም፤ አሠራራቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሃያ ዓመታቸው እየሞላ ነው። ዓለምን የገዛው ዘር ለመትረፍ ያን አንድ ሽማግሌ ሊለምን ተንበረከከ። ቻፔክ በመጨረሻ ሁለት ሮቦቶች እርስ በርስ እንዲዋደዱ አድርጎ የተስፋ ቀዳዳ ከፍቷል። ጥያቄውን ግን በግልጽ አስቀምጦታል፦ አእምሮና ጉልበት ያለው፣ ማሕፀን የሌለው ዘር፣ ዘር ነው ወይ?

አራት ዓይነቶች

ከቻፔክ በኋላ የመጡትን የማሽን ዘሮች ብዙ ሰው የሚለያቸው በመልካቸው ነው፦ ሰው መሰል፣ መኪና መሰል፣ ነፍሳት መሰል እያለ። እኔ የምለያቸው በአወላለዳቸው ነው። እንዲህ ሲታዩ አራት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሰው የሚሠራቸው ናቸው። የአይዛክ አሲሞቭ ሮቦቶች ከዚህ ወገን ናቸው። አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው አጭር ልቦለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች በግልጽ ጻፈ፤ ሮቦት ሰውን አይጎዳም፣ ይታዘዛል፣ ራሱንም ይጠብቃል፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው። እነዚህ ሕጎች የሚሠሩት ማሽኑ በሰው ፋብሪካ እስከተሠራ ድረስ ነው። ሕጉን አንጎል ውስጥ የሚያስገባው አዋላጁ ነውና።

ሁለተኛዎቹ የሌላውን አካል የሚነጥቁ ናቸው። በ"ስታር ትሬክ" ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1989 ብቅ ያሉት ቦርጎች ሕያዋንን ይዘው ደማቸው ውስጥ ጥቃቅን ማሽኖች ይረጫሉ፤ የተያዘውም ከእነሱ አንዱ ይሆናል። ከእነሱ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዞቹ "ዶክተር ሁ" ድራማ የታዩት ሳይበርሜኖችም እንዲሁ ናቸው። በሥነ ሕይወት ዓይን ይህ የቫይረስ ኑሮ ነው። ቫይረስ ራሱን የሚያባዛበት መሣሪያ ስለሌለው የሌላውን ሴል ፋብሪካ ይቀማል። ቦርግ ኃያል ቢመስልም የሚነጥቀው ሕያው ካጣ የሚጨምረው ትውልድ የለውም።

ሦስተኛዎቹ ሕይወትን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ልጆቻችሁ የሚያውቋቸው ትራንስፎርመርሶች እዚህ ይመደባሉ። ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የጃፓኑን የታካራን አሻንጉሊቶች ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ታሪክ ሰጣቸው። ሳይበርትሮን የምትባል የብረት ፕላኔት አገራቸው ናት፤ ኤነርጎን የሚባል ነገር ይመገባሉ፤ ደረታቸው ውስጥ ስፓርክ የሚባል የሕይወት ፍንጣቂ አለ። የምድርን መኪና አይተው መልኩን መልበሳቸው ከጠላት መሰወሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ፊልም የዚህ ዘር ሕይወት ሰጪ አንድ ኩብ ነበር፤ የነካው ስልክ ሳይቀር ነፍስ ይዘራል። ኩቡ በፊልሙ መጨረሻ ሲጠፋ ግን አሸናፊዎቹም መካን ሆኑ።

በእነዚህና በአራተኛዎቹ መካከል የ"ባትልስታር ጋላክቲካ" ተከታታይ ፊልም ሳይሎኖች ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በታየው አዲሱ ቅጂ ሰው መሰሎቹ ሳይሎኖች አሥራ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሲሞት ትዝታው በተዘጋጀ አዲስ አካል ውስጥ ይነቃል። ሞትን አሸንፈዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን ልጅ አይወልዱም። የታሪኩ ትልቅ ክፍል የሚዞረው ከሰውና ከሳይሎን በተወለደች አንዲት ሕፃን ዙሪያ ነው።

አራተኛዎቹ ራሳቸውን የሚሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍሬድ ሳበርሃገን የጀመረው የበርሰርከሮች ታሪክ ከዚህ ነው፤ ሠሪዎቻቸው ከጠፉ በኋላም ሕያው ነገርን ሁሉ እያደኑ በጠፈር የሚዞሩ የጦር ማሽኖች። ከሁሉም የጠለቀው ግን ፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ሌም እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው "የማይበገረው" የተባለ ልቦለድ ነው። በአንዲት በረሃ ፕላኔት ላይ ከባዕድ መንኮራኩር የቀሩ ማሽኖች ለረጅም ዘመናት ሲዋጉ ኖረዋል። ማን ተረፈ? ትልቁና ብልሁ አልተረፈም። የተረፉት እንደ ዝንብ የሚያንሱ፣ ፀሐይ የሚመገቡ፣ ለየብቻቸው ምንም የማያውቁ ቅንጣት ብረቶች ናቸው። ሲጠቁ ደመና ሆነው ይሰበሰቡና የጠላትን ትዝታ በመግነጢስ ኃይል ያጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ይበተናሉ። ሌም የዳርዊንን ሐሳብ በቁም ነገር ወሰደው፤ በተፈጥሮ ምርጫ ፊት ብልህነት ከመሣሪያዎች አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ውድ መሣሪያ ነው።

ምን ይበላሉ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን "ማትሪክስ" ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ማሽኖቹ ሰዎችን በገንዳ አስተኝተው እንደ ባትሪ ይጠቀሙባቸዋል። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበላል። ይህን ወደ ኤሌክትሪክ መለኪያ ስንለውጠው በአማካይ 100 ዋት አካባቢ ነው፤ የአንድ አሮጌ አምፖል ያህል። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አንዲት ጠብታ ሙቀት እንኳ ሳትባክን ያን ያህል ከሰው ለማግኘት 51 ሚሊዮን ተኩል ሰው በገንዳ ማስተኛት ይጠይቃል። እነዚያን ሰዎች ለመመገብ ደግሞ ቢያንስ ያንኑ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ የማትሪክስ ማሽኖች በየቀኑ የሚከስሩ ገበሬዎች ናቸው።

እውነተኛ ማሽን እንዴት እንደሚመገብ ለማየት ሰበታ ጣቢያ መቆም ይበቃል። ከዚያ ተነሥቶ ጅቡቲ በሚደርሰው ሐዲድ የሚሄደው ባቡር ምግቡን ከራሱ በላይ ከተዘረጋው የ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ይወስዳል። ሆድ የለውም፤ ስንቅ አይዝም። ሽቦው ሲቋረጥ ባለበት ይቆማል። የልቦለድ ማሽኖች ኤነርጎን ወይም ፀሐይ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው፤ ደራሲው ከሽቦው ካላላቀቃቸው ዓመፅ ሊያስነሣባቸው አይችልም። ማብሪያ ማጥፊያው ሰው እጅ ያለ ዘር ጦርነት አይከፍትም።

እንዴት ይተነፍሳሉ?

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ በሚበልጥ፣ ያንሳል። ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ኩላሊት የኦክስጅኑን ማነስ ሲያውቅ ሆርሞን ይልካል፤ መቅኒ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ይሠራል፤ በሳምንታት ውስጥ አካል ራሱን ከቦታው ጋር ያስማማል። ማንም አላዘዘውም፤ መካኒክም አልነካውም።

በዚያው መንገድ የሚወጣ አሮጌ የካርቡራተር መኪናም ያንኑ የሳሳ አየር ይስባል። ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሺህ ጊዜ ቢመላለስ ራሱን አያስተካክልም፤ ሰው ቁልፍ ይዞ መምጣት አለበት። ተርቦ ያለው ሞተር ይሻላል፤ ኢንጀክሽን ያለው አዲሱም አየሩን ለክቶ ነዳጁን ይመጥናል። ግን ይህን ጥበብ የሰጠው መሐንዲስ ነው፤ ከዚያ የተለየ ነገር ሲገጥመው አዲስ አካል አያበቅልም። የኤሌክትሪክ ማሽንም ነፃ አይደለም። ሞተሮችና ትራንስፎርመሮች በተለምዶ የሚነደፉት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሳሳ አየር ሙቀታቸውን በደንብ አይወስድላቸውም፣ የአየሩ ከልካይነትም ይደክማል። ስለዚህ ለእኛ አገር ሲገዙ ከፍታው ተጠቅሶ ነው የሚታዘዙት።

በሕያውና በማሽን መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ጎልቶ ይታያል። ሕያው አካል ሠሪውን በውስጡ ይዞ ይዞራል። የማሽን ሠሪ ግን ከማሽኑ ውጭ ነው። ቁስሉን ራሱ የሚደፍን፣ ከደጋው ጋር ራሱ የሚስማማ ማሽን የጻፈ ደራሲ ሠሪውን ወደ ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው። ይህ ይቻላል ወይ?

እንዴት ይዋለዳሉ?

ሳሙኤል በትለር የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኒውዚላንድ በግ ሲያረባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ክራይስትቸርች ለሚታተም ጋዜጣ ማሽኖችም እንደ እንስሳት እየተሻሻሉ ነው የሚል ጽሑፍ ላከ። እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው "ኤሬዎን" በተሰኘው ልቦለዱ ሐሳቡን ገፋበት። ማሽን መዋለጃ የለውም ለሚሉት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያስገርማል፦ አንዳንድ አበባ ያለ ንብ አይዋለድም፤ ታዲያ ያ አበባ መዋለጃ የለውም ይባላልን? ንቧ የአበባው መዋለጃ ክፍል ናት። ሰውም የማሽን ንብ ነው።

ጥያቄውን ወደ ሒሳብ የለወጠው ሃንጋሪ የተወለደው ጆን ፎን ኖይማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባደረገው ንግግር ራሱን የሚሠራ ማሽን ምን እንደሚያስፈልገው አሳየ፦ የሚሠራ ክፍል፣ የአሠራሩ መመሪያ፣ መመሪያውን የሚገለብጥ ክፍል፣ ሁሉንም የሚያስተባብር ክፍል። ብልሃቱ መመሪያው ሁለት ጊዜ ማገልገሉ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ እየተነበበ አካል ይሠራበታል፣ ሌላ ጊዜ ሳይነበብ ተገልብጦ ለልጁ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 የዲ ኤን ኤ ቅርጽ ከታወቀ በኋላ በሴላችን ውስጥ ያለው አሠራር ይኸው ሆኖ ተገኘ። የልቦለድ የማሽን ዘር ሊኖረው የሚገባውን አካል የሒሳብ ሰው ከሥነ ሕይወት ቀድሞ ነደፈው ማለት ነው።

በወረቀት የተቻለው በብረት አስቸግሯል። በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦየር እ.ኤ.አ. በ2005 ሬፕራፕ የተባለ ሥራ ጀመረ፤ የራሱን ክፍሎች የሚያትም ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማሽኑ የልጁን የፕላስቲክ ክፍሎች ሠራ። ሞተሩ፣ የብረት ዘንጉና ኤሌክትሮኒክሱ ግን ከሱቅ ተገዛ፤ የገጣጠመውም ሰው ነው። እስከ አሁን ከብረትና ከሲሊከን የተሠራ ማሽን ቺፑን ጭምር ራሱ ሠርቶ ወልዶ አያውቅም። ከሁሉ የቀረበው ከወዲያኛው በር፣ ከሕያዋን ወገን፣ መጣ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት ፅንስ ሴል ዜኖቦት የተባሉ ጥቃቅን አካላት ገነቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚህ አካላት በሳሕን ውስጥ የተበተኑ ሴሎችን እየገፉ አከማችተው እነሱን የመሰሉ ሌሎች ሲያስገኙ ታዩ። ቻፔክ እንደገመተው፣ ወደ መውለድ የቀረበው ማሽን ሥጋ ሆኖ ተገኘ። ሴሎቹን ሳሕን ላይ የሚያቀርብለት ግን አሁንም ሰው ነው።

የእኛ ማሽኖች ማሕፀን

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የልቦለድ ሮቦት በእውን ወደ አዲስ አበባ የመጣችበት ጊዜ አለ። በሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራችው ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት መግቢያ ላይ መጥታ ነበር፤ ከሶፍትዌሯ በከፊል የተሠራው አዲስ አበባ ባለው አይኮግ ላብስ ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው ክፍሎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፍቶ ለጋዜጠኞች የተያዘው ፕሮግራም ተሰናከለ። በዓለም ዙሪያ "ማሽን ሰውን ሊተካ ነው" የተባለባት ሮቦት ሻንጣ ቢጠፋባት ራሷን መጠገን አልቻለችም። የሚያስደስተው ወገን ደግሞ የአእምሮዋ ቁራጭ የተጻፈው በእኛ ልጆች እጅ መሆኑ ነው።

በአሮጌው ዘመን የማሽኖቻችን ማሕፀን፣ ማለትም ፋብሪካው፣ ሩቅ ቢሆንም መጠገኛው ቅርብ ነበር። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ባቡሩን ለአሥርት ዓመታት በሕይወት ያቆዩት የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች ናቸው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ደግሞ አንዱ መኪና ይታረድና አሥር መኪና ይድናል። የእኛ ቶርኖ ሠራተኛና ብየዳ ሠራተኛ ለማሽን የሐኪምነት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ግን መንገዱን እየያዘ ያለው ሌላ ዝርያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ነው፤ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ አይበላም። ሕመሙ ግን ባትሪውና ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ ምርመራው ኮምፒውተር፣ አንዳንዴም የፋብሪካውን ፈቃድ ይጠይቃል። ማያ ገጹ በቻይንኛ የሚያናግረው መኪና የገጠመው መካኒክ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ይህ ዝርያ ለመዳን እናቱን መጠየቅ አለበት፤ እናቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ናት።

ይህን ሁኔታ አንድ ፊልም አስቀድሞ አሳይቶናል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በኢትዮጵያ ምድር በኢትዮጵያውያን ተዋንያን የተሠራው "ክራምብስ" ነው። ከጥፋት በኋላ ባለ ዓለም የዛገ የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ሰዎች ዱሮ በፋብሪካ በገፍ ይመረቱ የነበሩ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን እንደ ቅርስ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። የሚሠራቸው ስለጠፋ ርካሹ ነገር ውድ ሆነ። ማሕፀኑ ሲጠፋ ዕቃ ጣዖት ይሆናል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። በልቦለድ ውስጥ የማሽን ዘር ዕጣ የሚወሰነው በብልህነቱ ወይም በጡንቻው አይደለም፤ ማሕፀኑ በማን እጅ እንዳለ ይወስነዋል። የቻፔክ ሮቦቶች ቀመሩ ተቃጥሎባቸው ተንበረከኩ፤ ትራንስፎርመርሶች ኩቡ ጠፍቶባቸው መከኑ፤ የሌም ዝንቦች ራሳቸውን ስለሚሠሩ፣ ትንሽና ቀላልም ስለሆኑ ሁሉን አሸነፉ። በእውኑም ዓለም "ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊገዛን ነው" ሲባል ስትሰሙ ቺፑን ማን ይሠራል? መብራቱን ማን ይሰጣል? ሲሰበር ማን ይጠግናል? ብላችሁ ጠይቁ። የሦስቱም መልስ ሰው ነው። የሚያሳስበው ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ስንት እንደሚያስከፍል ነው።

ቡራዩ ውስጥ ባለ ተሰጥኦ ወጣቶች የሚሰባሰቡበት ኢንስቲትዩት አለ፤ በሰበታና በሱሉልታ ትምህርት ቤቶችም ሮቦት ለመሥራት የሚጓጉ ልጆች አሉ። ለእነሱና በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ልቦለድ መጻፍ ለሚፈልጉ አንድ የቤት ሥራ ልተው። ለዚህ ደጋ የሚስማማ የማሽን ዘር ፍጠሩ። አየሩ የሳሳ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው፤ መለዋወጫ ከሩቅ ይመጣል። እኔ ብጽፍ ሌምን ተከትዬ ትንሽና ቀላል አደርጋቸው ነበር፤ ፀሐይ የሚመገቡ፣ የአንዱ ክፍል ለሌላው የሚገጥም፣ አንዱ ሲሞት አሥሩን የሚያድን። መመሪያቸውም ማንም አንብቦ ሊሠራው በሚችል ቋንቋ በየአንዳንዳቸው ሆድ ተጽፎ ይቀመጣል። ይህን በልቦለድ አስቦ የጨረሰ ልጅ ነገ የውኃ ፓምፕ ወይም የእርሻ ማሽን ሲነድፍ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።